ሁሉም በቦታው አለ

ሆስፒታል ውስጥ ዕቃ የሚጠፋው በሌባ እንዳይመስላችሁ። ሌባስ ምን ሊሠራበት የልብ መከታተያ ይሰርቃል? ሆስፒታል ውስጥ ዕቃ የሚጠፋው በጎረቤት ነው። ድንገተኛ ክፍል ከኦፕራሲዮን ክፍል «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ ይዋሳል፤ አምስቱ ደቂቃ አምስት ወር ይሞላዋል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው «እንዴ! የእኛ መስሎን እኮ ነው» ይሉታል። ያ ባለ አራት ፎቅ ሆስፒታልም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ማን ከማን ምን እንደወሰደ አንድ በአንድ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ምድር ቤት የሚሠራው የመሣሪያ ጠጋኝ።

ጋሼ ፒንሳ ይሉታል። የእናት አባት ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ እየዞረ፣ አልጋ ሥር ጎንበስ፣ መጋረጃ ጀርባ ገባ እያለ፣ የእያንዳንዱን ማሽን አድራሻ ጥቁር ደብተር ላይ ሲጽፍ ኖሯል። አጻጻፉም የራሱ ነው፦ «የማዋለጃው መምጠጫ ድንገተኛ ክፍል ነው። ረጅሙ ነርስ አልወሰድኩም ይላል፤ ወስዷል።» ሲቸግራቸው ይደውሉለታል። እሱም ደብተሩን እንኳ ሳይገልጥ «ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመታጠቢያው አጠገብ፣ ፎጣ ተጥሎበታል» ይላቸዋል። ይኮራ ነበር። ለምን አይኮራ? ዶክተር ሁሉ የሚለምነው ሰው ነበር።

ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ኮቱ ጠባብ፣ ንግግሩ ሰፊ። ይዞት የመጣውም «የተቀናጀ ዲጂታል የሕክምና መሣሪያዎች መከታተያና ማስተዳደሪያ ሥርዓት» ይባላል፤ ስሙ ተጠርቶ እስኪያልቅ ሻይ ይቀዘቅዛል። ነገሩ ቀላል ነው። በየማሽኑ ላይ ታግ የሚሉት የሳንቲም ያህል መለያ ይለጠፋል። በየጣሪያው ታጉን የሚያዳምጥ ነጭ ሳጥን ይሰቀላል። ሥራ አስኪያጁ ቢሮና አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ይቆማል። ማሽኑ በተመደበበት ክፍል ካለ አረንጓዴ ነጥብ፤ ከወጣ ቀይ። ሰውየው ቀይ ነጥብ ሲያይ የገዛ ደሙ የፈሰሰ ይመስለዋል። ሠራተኛውም «አረንጓዴው» የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙም እንደ ታጉ ላዩ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አረንጓዴው የጋሼ ፒንሳን ደብተር አስመጣ። በሁለት ጣቱ ጫፉን ይዞ፣ የሞተ አይጥ እንዳነሳ ሰው ከፍ አደረገውና «ከእንግዲህ በዚህ የሚሠራ ሰው የትናንት ሰው ነው» አለ። ሰዉ ሳቀ። እነዚያ ሲቸግራቸው «ጋሼዬ፣ የኔ አባት፣ እባክህ» የሚሉት ሁሉ ጥርሳቸውን አሳዩ። ጋሼ ፒንሳ ደብተሩን ተቀብሎ፣ ምድር ቤት ወርዶ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ ወዲያ መሣሪያ ጠፋብኝ ብሎ የደወለለትን ሁሉ «እኔ የትናንት ሰው ነኝ። ስክሪኑን ጠይቁ» ማለት ጀመረ። የጠዋት ዙሩንም ተወው። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ሥርዓቱስ? ወይ ሥርዓት! አንድ ማሽን ቀይ በሆነ ቁጥር የክፍሉ ኃላፊ ሦስት ገጽ ቅጽ ይሞላል፤ ከዓመቱ የሥራ ምዘና ነጥቡም ይቀነስበታል። ስለዚህ ማንም ለማንም አያውስም ተባለ። በሽተኛ ደግሞ ይህን አልሰማም፤ እንደ ወትሮው ትንፋሹ የሚያጥረው ማሽን በሌለበት ክፍል ነው። ጋሼ ፒንሳ ራሱ ማሽን ለጥገና ወደ ምድር ቤት ባወረደ ቁጥር ቀይ እየሆነበት፣ ለአንድ ብሎን ሦስት ገጽ እየጻፈ፣ በሁለት ወር አርባ ቅጽ ሞላ። በአርባ አንደኛው ላይ ቅጹን ገፋ አደረገና የሚስቱን የፀጉር ማድረቂያ ከቤት ይዞ መጣ።

ታጉን ለአንድ ደቂቃ ብታሞቀው ሙጫው ይለሰልሳል። በጥፍር ብድግ ስታደርገው ምንም ሳይሆን ይላቀቃል። ታጉን እዚያው ክፍል ትተህ ማሽኑን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ስክሪኑ አረንጓዴ እንደሆነ ይውላል ያድራል። ጋሼ ፒንሳ ይህን ጥበብ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲስተር አሳያት። እሷ ለድንገተኛ አሳየች፤ ድንገተኛ ለኦፕራሲዮን። በአሥር ቀን ውስጥ ከዘበኛውና ከአረንጓዴው ቢሮ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ማሽኖቹ እንደ ድሮው ከፎቅ ፎቅ መዞር ጀመሩ፤ ነጥቦቹ ግን በየቦታቸው ተተክለው ቀሩ። አረንጓዴው ስክሪኑ ፊት ቆሞ «አያችሁ? ሁሉም በቦታው አለ! ዲሲፕሊን ማለት ይህ ነው» ሲል፣ ጋሼ ፒንሳ ምድር ቤት ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ሳቀ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚባለውን ረስቶት ነበር።

ያ የተባለው ጉድ የመጣው ከሌላ ቦታ ሆስፒታሎች የተላኩ እንግዶች ሥርዓቱን ሊጎበኙ በመጡ ቀን ነው። የዚያን ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የጋሼ ፒንሳ ልጅ እዚያው ሆስፒታል ሴት ልጅ ተገላገለች። በሰባት ወሯ ነው የመጣችው። ሁለት እፍኝ አትሞላም። ባልየው ለሥራ ርቆ ሄዶ ገና መንገድ ላይ ነበር፤ አጠገቧ ያለው አባቷ ብቻ ነው።

ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል ሕፃኗ ታክታ መተንፈስ አቃታት። የጎድን አጥንቶቿ መሃል ስርጉድ፣ ስርጉድ ይል ጀመር። የሕፃናት ሐኪሙ አያትና «ሲፓፕ፣ ቶሎ» አለ። ሲፓፕ የሚሉት በቀጭን ቱቦ በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ያልጠነከረች ሳንባ እንዳትጣበቅ የሚያደርገውን ማሽን ነው። ክፍሉ ሁለት አለው። አንዱ ሌላ ሕፃን ላይ ተገጥሟል፤ ከዚያ ላይ ንቀሉ አይባል ነገር። ሲስተሯ ጭምብሉን ከትንሿ ፊት ላይ አስደግፋ የጎማውን ፊኛ በእጇ መጭመቅ ጀመረች። አንድ ጊዜ ስትጨምቅ ደረቷ ከፍ ይላል፤ ስትለቅ ይወርዳል።

«በእጅ ብዙ አንዘልቅም» አለ ሐኪሙ። «ሁለተኛው የታለ?»

ጠረጴዛው ላይ ያለችው ታብሌት ፈጥና መለሰች፦ ሲፓፕ ሁለት፣ ጨቅላ ክፍል፣ ዝግጁ። ነጥቡም አረንጓዴ፣ የደስ ደስ ያለው አረንጓዴ።

«እዚህ ነው ያለው ይላል» አለ ሐኪሙ ዙሪያውን እያየ። አልጋ ሥር ሁሉ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ዶክተር ነዋ፣ ስክሪን ያምናል።

ሲስተሯ ፊኛውን እየጨመቀች በአገጯ ወደ መሳቢያው አመለከተች። ጋሼ ፒንሳ ሳበው። አንድ የላስቲክ ጓንት፣ አምስቱም ጣቶቹ በታግ ተወጥረው፣ ተኝቷል። ሲፓፕ ሁለት፣ የማሞቂያ አልጋ አራት፣ መምጠጫ ሦስት፣ ሁሉም እዚያች ጓንት ውስጥ በየቦታቸው አሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህቺ ናት።

«ለማን ሰጠሽው?» አለ ጋሼ ፒንሳ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነበት።

«ለኦፕራሲዮን። ሦስት ሳምንት ሆነው። ጋሼ ሙት፣ ይመልሱታል ብዬ ነው።»

ሊወጣ ሲል ማዋለጃውን ከሚለየው መጋረጃ ወዲያ የወላዷ ልጁ ድምፅ መጣ። አዋላጇን እያጽናናች ነው፤ አስቡት፣ የተቀደደችው እሷ፣ የምታጽናናው እሷ። «አይዞሽ፣ አባዬ አለ። የዚህን ሕንፃ ብሎን ሁሉ የት የት እንዳለ ያውቃል። አሁን ያመጣዋል።»

ጋሼ ፒንሳ ይህን ሰምቶ ሮጠ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ደረጃ አይወድም። ሊፍቱ ላይ «ለእንግዶች ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ሲጫነውም አልከፈተለትም። ሁለተኛ ፎቅ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲደርስ ኃላፊዋ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ «እኛ ጋ? ኧረ የለም! ለድንገተኛ ሰጠነው። እንዲያውም እነሱ የእኛን መምጠጫ አልመለሱም» ብላ ሌላ ክስ ልትጀምር ስትል ትቷት ወረደ። ድንገተኛ ክፍል ረጅሙ ነርስ «አልወሰድኩም» አለ። ከዚያ የሰውየውን ፊት አየና «ማለቴ ወስጄ ነበር፣ ግን ለተኝቶ ታካሚዎች ሰጠሁት» አለ። ተኝቶ ታካሚዎች ሦስተኛ ፎቅ ናቸው። ወጣ። እዚያ ደግሞ አልጋ እያነጠፈች ያለች ነርስ «ሲፓፕ? ጨቅላ በሌለበት ምን ያደርግልናል? ለመመለስ አስበን ኮሪደር ላይ አቆምነው፣ ከዚያ ጠፋ» አለችው።

«ጠፋ ማለት ምን ማለት ነው? ክንፍ አወጣ?»

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ? አንተን ስንጠይቅ ስክሪኑን ጠይቁ አልከን አይደል?»

ድሮ ቢሆን ማሽኑ በቆመበት ቀን ጠዋት በዚያ ኮሪደር አልፎ ማሽኑን አይቶት ነበር። አይቶት ብቻ አይደለም፣ ጽፎት ነበር። በቂም ተቀምጦ፣ «እነሱ ይበላቸው» ብሎ ሻዩን ሲጠጣ የከረመው እሱ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ ቂሙ ከአረንጓዴው ነበር፣ ዱላው ያረፈው ግን ሁለት እፍኝ የማትሞላ ፍጡር ላይ ነው። ይህን እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለከልክ፣ ጥርት አድርጎ አወቀው። ወይኔ ልጄን፣ አለ። ወይኔ በገዛ እጄ።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የምታጸዳው ሴትዮ መጥረጊያዋን አቁማ ስታየው ነበር። «ያቺን ነጭ፣ ጎማ ያላትን ማሽን ነው የምትፈልገው?» አለችው። «የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ እኮ ነች ሰኞ ዕለት የወሰደቻት። ከሁሉ እሷ ታምራለች ብላ። አራተኛ ፎቅ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ናት፤ በየቀኑ አቧራዋን አራግፋለሁ።»

አሁን ይህን ስሙልኝ። ከመላው ሆስፒታል ትንፋሽ የምትሰጠዋ ትርፍ ማሽን ለእንግዳ ዓይን ተመርጣ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣለች። ታጓ ጓንት ውስጥ ስለቀረ ጸሐፊዋ «ታግ ጠፍቶባታል» ብላ አዲስ አስለጥፋላት፣ «ናሙና አንድ፣ አዳራሽ» ተብላ ዳግመኛ ተመዝግባለች። አንዲት ማሽን ስክሪኑ ላይ ሁለት ቦታ አረንጓዴ ናት፤ በምትፈለግበት ቦታ ግን የለችም።

ጋሼ ፒንሳ የአዳራሹን በር ሲገፋ ስድስት እንግዶች ወንበር ላይ፣ ክፍል ኃላፊዎቹ ግድግዳ ዳር፣ አረንጓዴው ስክሪኑ ፊት ነበሩ። ስክሪኑ የጠገበ መስክ ይመስል ነበር፤ አንዲት ቀይ የለችበትም።

«ድሮ በእኛ ሆስፒታል አንድ መሣሪያ ፈልጎ ለማግኘት በአማካይ ሃያ ደቂቃ ይፈጅ ነበር» ይላል አረንጓዴው አፉን ሞልቶ። «ዛሬ ስንት ይፈጃል? ሦስት ሰከንድ!»

ጋሼ ፒንሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ፍለጋ ከጀመረ አርባ አራት ደቂቃ ሆኖታል። ማንንም ሳይሰናበት በእንግዶቹ መካከል አልፎ ሄዶ፣ የማሽኗን ገመድ ከሶኬት ነቀለ። ወገቧ ላይ ሰማያዊ ሪባን አስረውላታል። ሙሽራ አደረጓት እኮ!

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ አረንጓዴው፤ ፈገግታው ከፊቱ ሳይወርድ፣ በጥርሱ መሃል።

«ሕፃን እየሞተች ነው። ማሽኗን ልወስድ ነው።»

«ከእንግዶቹ በኋላ ይውሰዱ። አሁን ከወጣች እኮ ቀይ ትሆናለች!»

ጋሼ ፒንሳ በሕይወቱ ብዙ ነገር ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማም። የሚመልሰው ስድብ ሞልቶት ነበር፣ የአንድ ዓመት ተኩል ክምችት። ነገር ግን ስድቡን ቢጀምር እንደማይጨርሰው፣ ሲስተሯም ታች ፊኛ እየጨመቀች እንደሆነ አሰበና ዋጠው። «ቀይ ትሁን» ብቻ አለ። ማሽኗን ታቅፎ ወጣ።

ደረጃውን ሲጀምር ከኋላው የአዳራሹ ማስጠንቀቂያ ኡኡ አለ። ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያዋ ቀይ ነጥብ በራች። ታዲያ እንግዶቹ ምን አደረጉ ትላላችሁ? አጨበጨቡ! አንዲት መነጽር ያደረገች እንግዳ «ድንቅ ነው! ከበሩ ሳይርቅ ያዘው!» አለች። አረንጓዴውም ኮቱን አስተካክሎ «አዎ፣ በተግባር ብናሳያችሁ ይሻላል ብለን ያዘጋጀነው ልምምድ ነው» አለ። ግድግዳ ዳር የቆሙት ኃላፊዎች፣ እያንዳንዳቸው መሳቢያ ውስጥ የታግ ጓንት ያላቸው፣ አብረው አጨበጨቡ። ምን ያድርጉ? ያላጨበጨበ ይጠየቃል።

ጨቅላ ክፍል ሲደርስ ሲስተሯ እንዳለች ናት። ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል፣ ላቧ በጉንጯ ይወርዳል። ጋሼ ፒንሳ ሪባኑን በጥርሱ በጥሶ፣ ቱቦውን ገጥሞ፣ ውሃውን ሞልቶ ማሽኗን አስነሳ። እጁ ሥራውን ያውቃል። ሐኪሙ ቱቦዎቹን ከዚያች የባቄላ ፍሬ ከምታህል አፍንጫ ላይ አስተካከለ። መቆጣጠሪያው ላይ ያለው የኦክስጅን ቁጥር ሰባ አንድ ነበር። ሰባ ስምንት ሆነ። ሰማንያ አምስት ላይ ቆመና ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ዘጠና ሁለት።

«ተርፋለች?» አለ ጋሼ ፒንሳ።

«አሁን እየተነፈሰች ነው» አለ ሐኪሙ። የዋህ ሰው ነው፤ ግን መዋሸት አይችልበትም። «መካከል ላይ ግን ደጋግማ ወርዳብናለች። ሃምሳ ደቂቃ ለእንዲህ ያለች ልጅ ብዙ ነው። የተጎዳ ነገር ይኑር አይኑር ስታድግ ነው የምናውቀው። ስትቀመጥ፣ ስትሄድ፣ ስትናገር።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ጸሐፊዋ ጫማዋን እያንኳኳች ገባች፤ በእጇ ሦስት ገጽ ቅጽ ይዛለች። «ጋሼ፣ ማሽኑን ከቦታው ያወጡበትን ምክንያት እስከ ነገ ይሙሉልን» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ስጦታ እንደምትሰጥ ሁሉ፣ «ሥራ አስኪያጁ አልተቆጡም እኮ። እንግዶቹ በጣም ወደውታል። ለእርስዎም የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍ ብለዋል» አለች። ጋሼ ፒንሳ ቅጹን ተቀበላት። ሳያየው አጥፎ ማሞቂያ አልጋው ጎን አስቀመጠው።

ወላዷን ልጁን በተሽከርካሪ ወንበር አመጧት። ፊቷ ገርጥቷል፣ ፀጉሯ በግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ደስታዋ ግን ክፍሉን ሞላው። የሕፃኗን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል አየችና እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «አላልኳችሁም!» አለች አዋላጇን፣ ሐኪሙን፣ የሰማውን ሁሉ። «አባዬ ካለ ምን ይጠፋል ብያችሁ ነበር! አንቺ ሚጢጢ፣ ስታድጊ እነግርሻለሁ፣ አያትሽ ነው ያተረፈሽ።» የአባቷን እጅ ስባ ሳመችው።

እጁን ማስለቀቅ አልቻለም። ሐኪሙ እየሳቀ ነው፣ አዋላጇ እየሳቀች ነው፤ ሲስተሯ ብቻ ጣቶቿን እያሻሸች መሬት ታያለች። ጋሼ ፒንሳ ዝም ሊል ይችል ነበር። አንድ ቃል ባይተነፍስ ሽማግሌው ጀግና ሆኖ በዚያ ቤት ይኖር ነበር፤ ሲስተሯም አታሳጣውም፣ የራሷ ጥፋት አለባትና። አረንጓዴውን አሰበው፣ ኮቱን አስተካክሎ «ልምምድ ነው» ያለውን። ያ ሰው አዳራሹ ውስጥ በሐሰት ተጨብጭቦለት ፈገግ ብሏል፤ እሱም እዚህ በሐሰት እጁን እያሳመ ነው። ልዩነታቸው ኮት ብቻ ሆነበት፤ ራሱን ተጸየፈው።

«ልጄ፣ እኔ አይደለሁም ያተረፍኳት» አለ። «ማሽኗ እንድትጠፋ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ነገራት። ታጎቹ እንዴት እንደሚላቀቁ የፈለሰፈው፣ ለሰው ያስተማረው እሱ እንደሆነ፤ የት ምን እንዳለ መከታተሉን ሆን ብሎ፣ በእልህ እንደተወው፤ በደወለለት ሁሉ ላይ እንዳሾፈ። የሲስተሯን ነገር አላነሳም። ሳቋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ወረደ። እጁን እንደያዘች ነበር፤ ከዚያ ለቀቀችው።

«ድሮ እንደምታደርገው ብታደርግ ኖሮ» አለች፣ «ለማግኘት ምን ያህል ይፈጅብህ ነበር?»

«አምስት ደቂቃ። ቢበዛ።»

ልጅቷ ወንበሯን በእጇ ገፋ አድርጋ ወደ ማሞቂያ አልጋው ተጠጋች፣ በጎን ባለችው ቀዳዳ ጣቷን አስገብታ የሕፃኗን መዳፍ ነካች። የምትጨብጥ እንደሆነ ታይ ነበር። ነካ፣ ነካ አደረገቻት። ትንሿ እጅ እንደተዘረጋች ቀረች፤ ደክሟት ይሁን ሌላ ይሁን ማንም አያውቅም።

«ሲስተር» አለች ዓይኗን ከልጇ ሳታነሳ፣ «አባቴን አስወጪልኝ።»

ጋሼ ፒንሳ አልተከራከረም። ሲስተሯ መጥታ ክንዱን ያዘችው። እስከ በሩ ድረስ ሁለቱም መሬት መሬቱን እያዩ ሄዱ። ካስወጣችው በኋላ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።